ልምምዱን ልስማ

ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ማታ ጃዝ ሰምቶ የሚመለስበት ታክሲ አያገኝም። እኔ ግን መስማቴማ አይቀርም ብዬ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ጃዝ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ጥበቃው «ሙዚቃው ማታ ነው፤ አሁን ልምምድ ላይ ናቸው» አለኝ። «ልምምዱን ልስማ» አልኩት። ከበሩ ንቅንቅ አልል ስለው አስገባኝ።

አንዱን ዜማ አምስቴ ደጋገሙት። ሳክስፎን የሚነፉት ሽማግሌ ዞር ብለው «ልጄ፣ አልሰለቸሽም?» አሉኝ።

«አልሰለቸኝም። ግን ድራሙ መሐል ላይ ይዘገያል» አልኳቸው።

ድራመሩ አፈጠጠብኝና «በምን አወቅሽ?» አለ።

«ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሃያ ማሽን እየተንጫጫ የቱ እንደዘገየ በጆሮዬ እለያለሁ።»

ሽማግሌው ወንበር አስጠጉልኝና «እንግዲያው እዚህ ተቀመጪ። ሲዘገይ እጅሽን አንሺ» አሉኝ። እስክወጣ ሦስቴ አንስቻለሁ።