«ማን ሰማ?» ለመምህር ዳና፣ መልስ ይዤ

የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ የተከበሩ ፓስተር፣ እማማ እታፈራሁ፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን፣ ከአረካና ከበዴሳ የመጣችሁ ዘመዶች፣ እናንተም ከአጥሩ ውጭ ባጃጃችሁን አቁማችሁ የቆማችሁ የድሮ ተማሪዎቻቸው፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናናን።

ስሜ ሰብለ ነው። ብዙዎቻችሁ አታውቁኝም። የምታውቁኝም በአንድ ነገር ነው፤ መቅረጫ ይዛ ጋሼ ዳና ቤት የምትመላለሰዋ ልጅ። ትናንት ድንኳን ውስጥ ከኋላዬ የተባለውን ሰምቻለሁ። «ከክፍል ያስቀረቻቸው ይቺ ናት» ተብሏል። «ልባቸውን የሰበረው በሽታው አይደለም፣ የእሷ ወረቀት ነው» ያለም አለ። አልተቀየምኩም። ጠርጥሩኝ። ጋሼ ዳና ከሁላችሁ ቀድመው ጠርጥረውኛል። እዚህ የቆምኩት ባለቤታቸው እማማ እታፈራሁ «አንቺ ተናገሪ» ስላሉኝ ነው። ደግሞም ለእሳቸው ያላደረስኩት አንድ መልስ አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው፣ ንገሩኝ እስቲ። «ቲቸር፣ መልሱ ሃያ አራት ነው» ስትሏቸው ምን ይሉ ነበር? «እንዴት አወቅክ?» ለተሳሳተ ተማሪ፣ እንዴት አወቅክ። በትክክል ለመለሰም፣ እንዴት አወቅክ። እርግጠኛ ሆኖ ለተናገረ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ እንዴት አወቅክ።

አምና ምላሳቸው ላይ የማይድን ቁስል ወጣ። ካንሰር ነበር። አዲስ አበባ ሄደው የምላሳቸው ሲሶ ተቆርጦ ወጣ፤ ጨረርም ወሰዱ። በሕይወት ተመለሱ። ንግግራቸው ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ዳይሬክተሩ በአክብሮት፣ «ንግግርዎ ለክፍል ይበቃል የሚል ወረቀት ያምጡና በመስከረም ይግቡ» አሏቸው። ያንን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በንግግር ሕክምና ገና መመረቄ ነው። ከአፍ ካንሰር ሕክምና በኋላ የታማሚዎች ንግግር ምን ያህል እንደሚሰማ የሚለካ ጥናት ጀምሬ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ታማሚው ዐረፍተ ነገሮች ያነባል፤ እቀዳለሁ። ሌላ ሰው ቅጂውን ያዳምጥና የሰማውን ይጽፋል። በትክክል የተጻፉት ቃላት ከመቶ ይሰላሉ። በቃ። እኔም በቃ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን መቅረጫዬን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ አገላብጠው አዩት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም ጋሼ። ጥናት ነው።»

«ጥናትም ላኪ አለው።» ዝርዝሬን አነበቡ። «በአማርኛ ነው እንዴ? እኔ እኮ ሳልታመምም አማርኛዬ ወላይታ ወላይታ ይላል። የምትቀንሺብኝ በምላሴ ነው ወይስ በትውልዴ?»

በማግስቱ በወላይትኛም ሌላ ዝርዝር አዘጋጅቼ መጣሁ። አዩትና «እሺ። ቢያንስ አንቺ ትሰሚያለሽ» አሉ። ያን ቀን ነው መቀዳት የጀመርነው።

ሦስት አድማጮች መረጥኩ። የአማርኛው ውጤት መጣ። ከመቶ ሰማንያ ስምንት! ባጃጅ መጠበቅ አቅቶኝ በእግሬ ሮጥኩ። እማማ እታፈራሁ እልል አሉ። ጋሼ ዳና ግን ከወረቀቱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን ሰማ?»

«ከማዘጋጃ ቤት አሳየሽ የምትባል...»

«ዘጠነኛ ሐ። ሁለተኛው ረድፍ። ክፍልፋይ አይገባትም ነበር።»

አሳየሽ፣ እዚያ አይሻለሁ። ይቅርታ፤ ቃላቸው ነው።

«ሌላስ?»

«ሀብተጊዮርጊስ...»

«አሥረኛ ሀ። ሦስተኛውም የእኔ ተማሪ እንደሆነ እንዳትነግሪኝ።»

ሦስተኛውም የእሳቸው ተማሪ ነበር። ወረቀቱን መለሱልኝ። «ሰብለ፣ እነዚህ ልጆች አልሰሙኝም። አስታወሱኝ።»

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም ጠርጥሬ ነበር። አሳየሽ ስታዳምጥ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። አይቻለሁ። ለማታውቀው ሰው ድምፅ ማን ያለቅሳል? ግን ዝም አልኩ። ለምን? ሰማንያ ስምንት ያምራል። ለጥናቴ ያምራል። ለእኔ ያምራል።

«የማያውቀኝ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ሶዶ ውስጥ! ባንክ ገባሁ፤ ተማሪያቸው። መድኃኒት ቤት፤ ተማሪያቸው። አረካ ድረስ ሄድኩ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ገና ሳያስተካክል፣ «ቲቸር ዳና ናቸው አይደል?» አለኝ። በዚህ ከተማ ለእሳቸው እንግዳ ጆሮ ማግኘት መርፌ ከመፈለግ ባሰብኝ።

በመጨረሻ ኢሊያስን አገኘሁት። ኢሊያስ፣ እጅህን አንሳ፣ ይዩህ። ዛሬ ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ያኔ ከስልጤ ከመጣ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። በሳሙና ካርቶኖች መሐል ተቀምጦ የአማርኛውን ቅጂ አዳመጠ፣ ጻፈ፣ ብዙውን ባዶ ተወው። ከዚያ ማዳመጫውን አወለቀና፣ «እህቴ፣ ሰውዬው አፋቸው ውስጥ የያዙት ነገር አለ እንዴ?» አለኝ።

ጋሼ ዳና ከኋላው ቆመው ነበር።

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። እሳቸው ግን ሄደው እጁን ጨበጡት። «አንተን ነበር የምፈልገው» አሉት።

ውጤቱ አርባ ስድስት ሆነ።

እንግዲህ ሁለት ወረቀት አለን። አንዱ በመስከረም ክፍል ያስገባቸዋል። ሌላኛው ያስቀራቸዋል። እማማ እታፈራሁ በዚያ ቀን ያሉኝን እዚህ ብናገር እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ። «ልጄ፣ ሰማንያ ስምንቷን ስጪ። ውሸት ነው እንዴ? እኔ እኮ መቶውንም እሰማዋለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ልሰጥ ነበር። እምላለሁ፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር።

ጋሼ ዳና ናቸው እጄን የያዙት። «በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች አሳየሽ ናቸው? እታፈራሁ ናቸው? እነሱ ኢሊያስ ናቸው። አያውቁኝም። ያልገባው ልጅ ደግሞ አልገባኝም አይልም፤ ዝም ብሎ ይወድቃል።»

አርባ ስድስቷን ለዳይሬክተሩ የሰጠኋት እኔ አይደለሁም። ራሳቸው ናቸው የወሰዷት። ትናንት ድንኳን ውስጥ የተናገራችሁት፣ ይህን ስሙ። ዳይሬክተሩም ለጊዜው የመጻሕፍት ስቶር ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ኢሊያስ ቢናገረው ይሻል ነበር። በየቀኑ ሱቁ ይሄዳሉ። ወደ ዕቃው አይጠቁሙም፤ በቃል ብቻ ይጠይቃሉ። ካልተረዳቸው ደግመው፣ አስተካክለው ይላሉ። ሦስት ሳምንት ሆነ። አንድ ቀን ደፉን ሲረግጡ ኢሊያስ ሳሙናውን አቀበላቸው።

«ገና ምንም አላልኩም!»

«ጋሼ፣ ሁሌም እሱን አይደል የሚገዙት?»

«በቃ፣ አንተም ተበላሸህ!» ብለው ወጡ። በማግስቱ ወደ መናኸሪያ ሄደው ከመንገደኞች ጋር ማውራት ጀመሩ። ሶዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠ ሰው ካለ ጋሼ ዳና አናግረውታል። ሳቁ፤ አዎ፣ ሳቁ። እሳቸውም ይስቁበት ነበር።

የእኔን ዝርዝርም አላመኑትም። «‹ልጁ ውሃ...› ካልኩ በኋላ ‹ጠጣ› ብሎ ለመጻፍ ጆሮ ያስፈልጋል?» አሉኝ። አድማጩ በግምት እንዳይሞላው ብለው ራሳቸው አዲስ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ፍየሏ ዣንጥላ ተበደረች። ሽንኩርቱ ዳኛውን ገሠጸ። ዳሞታ ተራራ ጫማውን ረሳ። ሃምሳ እንዲህ ዓይነት! እኚህ ቁም ነገረኛ ሽማግሌ ስቶር ውስጥ ተቀምጠው ይህን ሲጽፉ አስቡት።

በጥቅምት እነዚያን አነበቡልኝ። ያኔ በሽታው ወደ ሳንባ መዝለቁን አውቀው ነበር። ምላሳቸው ግን ተገርቶላቸዋል። መቅረጫውን ስዘጋ፣ «ማን እንደሚሰማ ተጠንቀቂ» አሉኝ።

ተጠነቀቅኩ። ከልክ በላይ ተጠነቀቅኩ። ይህን አድማጭ ጠረጠርኩ፣ ያንን ጠረጠርኩ። አንዱ አጎቱ የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ ተውኩት። አንዷ ስማቸውን ሰምታ ነበር፤ ተውኳት። አምስት ሳምንት አለፈ። ጋሼ፣ መጠርጠርን ከእርስዎ ተማርኩ። የት ላይ እንደሚቆም ግን አላስተማሩኝም።

ማክሰኞ ዕለት በዴሳ ሄድኩ። ከሌላ አካባቢ ገና የመጡ ሦስት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አገኘሁ። አዳመጡ፤ ጻፉ። ወረቀታቸውን ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ አረምኩ። ሦስት ጊዜ ደመርኩ። ሶዶ መናኸሪያ ስንገባ ስልኬ ጠራ። እማማ እታፈራሁ ነበሩ። ድምፃቸውን ስሰማ ገባኝ።

ስለዚህ እዚህ ልንገርዎት፤ ሌላ ቦታ የለኝም።

ጋሼ ዳና፣ ሰባ አራት።

ሰማንያ ስምንት አይደለም። ሰባ አራት ነው፤ ግን የእርስዎ ነው። ለክፍል ይበቃል። ወረቀቱን ጽፌዋለሁ፤ ፈርሜበታለሁ፤ ይኸው በእጄ ነው። ከአሁን በኋላም የሁሉም አድማጭ ወረቀት ከላይ አንድ ጥያቄ ይኖረዋል፤ «ይህን ሰው ያውቁታል?» ያንን ጥያቄ ያስገቡት እርስዎ ነዎት። በዴሳም አረካም ይዤው እዞራለሁ።

ማን ሰማ ይሉኛል፤ አውቃለሁ። ሦስት ልጆች። አያውቁዎትም። ሁለት ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። አባታቸውን አላስተማሩም፤ አጎታቸውንም አላስተማሩም። አንዷ ልጅማ ከወረቀቷ ግርጌ በእርሳስ፣ «ሰውዬው እየቀለዱ ነው?» ብላ ጽፋለች። ሦስቱም ግን አንድም ቃል ሳይስቱ የጻፉት ዐረፍተ ነገር አለ።

ዳሞታ ተራራ ጫማውን ረሳ።

ቀና ብላችሁ እዩት፤ ያውና፣ ከበላያችን ባዶ እግሩን ቆሟል።

ተሰምተዋል፣ ቲቸር። በማያውቁዎት ልጆች ተሰምተዋል። አሁን ይረፉ።