ማኅተሙ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ራዲዮው ርዕሰ ብሔሩ የወዳጅነት ጉብኝታቸውን ፈጽመው ትናንት መመለሳቸውን ሲያወራ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና ጥቁር የለበሰች ሴት ጨዋታ ጀመሩ።

«ደግሞ የት ሄደው ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

«ባሕር ማዶ ነዋ፣ አባባ።»

«ምን ይዘው መጡ?»

«የወንድማማችነት ሰላምታ።»

«ሰላምታማ ካቺሲ ገበያም ሞልቷል፤ ያውም በነጻ! አንቺስ፣ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ወንድሜ። አዲስ አበባ ነበር የሚኖረው። ባለፈው ሳምንት ተቀበረ።»

«እግዜር ያጥናሽ። ታዲያ ዛሬ ገና ትሄጃለሽ?»

«ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ኬላው መች ያሳልፈኛል? ሊቀመንበራችን ማኅተሙን ኪሱ ከቶ እሳቸውን ሊሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ።»

«ሸኝቶ አይመለስም?»

«መቀበሉም አይቀርም ብሎ እዚያው ከረመ!»

«ያ ዋቃዮ!»

«ትናንት ማታ መጣ። ዛሬ ጠዋት ወረቀቴ ላይ ማኅተሙን እየመታልኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹በጭብጨባ እጃችን ተላጠ እኮ፣ እህቴ።›»

«እጁ ይቆረጥ!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ አባባ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ለመሆኑ እሳቸው ባሕር ሲሻገሩ ይለፍ የሚጽፍላቸው የትኛው ቀበሌ ነው?»

የአዲስ ዓለም ኬላ ከሩቅ ሲታየኝ፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ኪሴ ውስጥ ያለውን የይለፍ ወረቀቴን ደግሜ ዳበስኩት።