አካፋው የሚነሳበት በር

በጥቅምት ወር በአንዱ ማለዳ ጋሼ ራይኖ ላህቲ የኮርፒ መንደር ፖስታ ቤት ገብተው አንዲት ወረቀት ሰሌዳው ላይ ሲለጥፉ፣ ዴላ ትሬሎር ደብዳቤዋን ልትወስድ መጥታ ከኋላቸው ቆመች።

«ደህና አደሩ ጋሼ ራይኖ? ይህችን ወረቀት ደግሞ አመጧት?»

«ደህና አደርሽ። የፊተኛዋን ፀሐይ በላቻት።»

«ያነበበቻት ፀሐይ ብቻ ናት ማለት ነዋ።»

ሽማግሌው ፈገግ ላለማለት ጢማቸውን ዳበሱ። ዴላ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ትምህርት ቤት ጥላ የወጣች፣ የቀረውን ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በራሷ ጥርስ የፈለቀቀች ልጅ ናት። የመንደሩን ሳምንታዊ ጋዜጣ ብቻዋን ትጽፋለች። ምላሷን የሚፈራ ብዙ ነው፤ ጋሼ ራይኖ ግን ሠላሳ አራት ክረምት በረዶ ሲጠርጉ የኖሩ ሰው በመሆናቸው ምላስ አያስበረግጋቸውም።

ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦ «በረዶ ጠራጊ ሹፌር ይፈለጋል። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው። ሃያ አምስት ኪሎ ማንሳት የሚችል። በማንኛውም ሰዓት ለመሥራት ዝግጁ የሆነ።»

«እስከ ኅዳር መግቢያ ሰው ካላገኙስ?» አለች ዴላ።

«የበረዶ ጠራጊ ጣቢያችን ይዘጋል። ወረዳው በአንድ ሹፌር ሁለት መኪና አላቆምም ብሏል። መንገዳችንን ከከተማ መጥተው ይጠርጉታል።»

«በስንት ሰዓት ይደርሳሉ?»

«ቀትር ላይ፤ ከደረሱ።»

«ወይዘሮ ኤልማ ደግሞ ማክሰኞና ዓርብ ከማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ከተማ ሆስፒታል፣ የኩላሊት እጥበት አልጋ ላይ መሆን አለባቸው።»

 ጋሼ ራይኖን ሌሊት የሚቀሰቅሳቸውም ይኸው ሐሳብ ነበር።

«ታዲያ ለምን ይህን አይጽፉትም?»

«ምኑን?»

«ሥራው ለማን እንደሆነ። ሰው ሃያ አምስት ኪሎ ለማንሳት ብሎ ከአልጋው አይነሳም።»

«ልጄ፣ እዚህ አገር ራሱን የሚያወራ ሰው አይወደድም። ሥራ ራሱ ይናገራል።»

«ሥራ አፍ የለውም፤ ያለው እርስዎን ነው። እርስዎ ደግሞ ዝም ብለዋል።»

«ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታውስ አይነቅዝም፤ ጣቢያው ግን ይዘጋል።»

«ተረት አውርቼ ሰው ላታልል?»

«ማታለልስ ይሄ ነው» አለች፣ ወረቀቷን በጣቷ እየነካች። «‹በማንኛውም ሰዓት› ማለት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ባለፈው የተቀጠረው ልጅ መቼ አወቀ?»

«በገባ በሁለተኛው ቀን።»

«መቼ ለቀቀ?»

«በሦስተኛው።»

«አዩ! ብርዱንም፣ ሌሊቱንም፣ የሚያንሸራትተውንም ድልድይ እንጻፈው። የሚሸሽ ከአሁኑ ይሽሽ። ግን ሰውን ሥራው ላይ የሚያቆይ ነገርም መኖሩን አብረን እንንገረው። ለምሳሌ ወይዘሮ ኤልማ በር ላይ ሲደርሱ አካፋውን ለምን ያነሳሉ?»

በዚያ አገር ይህን ልማድ የማያውቅ የለም። ጠራጊው መኪና በፊቱ ባለው ሰፊ አካፋ በረዶውን ወደ ዳር ይገፋል፤ ዳር ላይ ደግሞ የሰው በር አለ፤ ክምሩ እዚያ ይቀራል። የኮርፒ ሹፌሮች ግን የአቅመ ደካማ ደጃፍ ሲደርሱ አካፋውን ዘወር አድርገው ያነሱታል። ደንብ ላይ የለም፤ ማን እንደጀመረውም የተናገረ የለም።

ጋሼ ራይኖ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«የመጀመሪያው ክረምቴ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ፈጥኜ መጨረስ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር። ክምሩን ኤልማ በር ላይ ጥዬ አለፍኩ። ባሏ ሊያነሳው ወጣ። ስመለስ ወድቆ፣ ሞቶ አገኘሁት። ልቡ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ አነሳለሁ። ለአንድም ሰው ነግሬ አላውቅም።»

ዝምታን ከትሕትና ለይተው የማያዩ ሰዎች አሉ። ዝምታ አንዳንዴ የትሕትናን ካባ የደረበ ፍርሃት ነው። 

«ይህን እኔ መጻፍ አልችልም» አለች ዴላ። «እርስዎም ብቻዎን ሊፈቅዱልኝ አይችሉም። ታሪኩ የወይዘሮ ኤልማም ነው።»

በዚያው ቀን ጋሼ ራይኖ ኤልማ ቤት ሄዱ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከደጃፉ ሳያልፉ ተናገሩ። ወይዘሮ ኤልማ ሳያቋርጡ አዳመጧቸው።

«ራይኖ፣ በዚያን ጊዜ ጣቢያው የነበረው አንድ መኪና ነው» አሉ። «ማን ጠርጎ እንዳለፈ የማላውቅ መሰለህ? በየክረምቱ አካፋው ሲነሳ እሰማለሁ፤ እየነገርከኝ ነው እያልኩ ተውኩህ። ስሜንም አስገቡት። ግባ አሁን፣ ብርዱን አታስገባብኝ።»

ዴላ የጻፈችው ማስታወቂያ በጋዜጣዋ ወጣ። ሌሊቱን አልደበቀም፣ ድልድዩን አልደበቀም፣ የጋሼ ራይኖን ስሕተትም አልደበቀም። የጨረሰው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ማክሰኞና ዓርብ ከወይዘሮ ኤልማ መኪና ፊት ፊት የሚሄድ ሰው እንፈልጋለን።»

ስድስት ወራት የተለጠፈችው ወረቀት ሦስት ሰው አምጥታ ሦስቱንም መልሳ ነበር። ይህኛው በአሥር ቀን አራት ሰው አመጣ። ሦስቱ ስለ ዕረፍት ቀን ጠየቁ፤ አይፈረድባቸውም። አራተኛዋ ወተት ጫኝ መኪና ስትነዳ የኖረች ኦፓል ሩሶ የምትባል ጎልማሳ ነበረች።

«የኤልማ በር በቀኝ ነው በግራ?» ስትል ጠየቀች። «በቀኝ ከሆነ አካፋው አስቀድሞ መዞር አለበት።»

ጋሼ ራይኖ ውሉን እንድትፈርም እስክሪብቶውን እዚያው ሰጧት።

እንግዲህ ሠራተኛ ፈልጋችሁ ያጣችሁ ሁሉ ይህን አስቡ፦ የሥራችሁን ክብደት ብቻ ከጻፋችሁ ክብደት የሚቆጥር ይመጣላችኋል። ለማን እንደምትሠሩና ምን እንዳስከፈላችሁ በእውነት ብትናገሩ ግን፣ የማይችለው ሳይደክምና ሳያደክም ይቀራል፤ የሚችለው ደግሞ ገና ሳይቀጠር ሥራውን ማሰብ ይጀምራል።

የመጀመሪያው በረዶ ማክሰኞ ጣለ። ኦፓል መሪውን ያዘች፤ ጋሼ ራይኖ ጋቢና ውስጥ ከጎኗ ተቀመጡ። ኤልማ በር ላይ ማንም ሳይነግራት አካፋውን አዞረችና አነሳችው። የኤልማ መኪና መብራት በርቶ ከኋላቸው ተከተለ።

 ጥቂት እንደሄዱ ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ዳር ጠቆሙ።

«ያንን ሰማያዊ ቤት ታያለሽ?» አሉ። «እሱም የራሱ ታሪክ አለው።»