ተቀጥላው ዕቃና የኦርቪል ታንገን ጆሮ

የሽማግሌው የኦርቪል ታንገን አሮጌ ፒክአፕ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ መርጣ የቆመችው መቆም በማይገባት ቀን ነበር። የአጋዘን አደን ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰሜን ዊስኮንሲን ወደ ክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ማዲሰን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በአባቶቻቸው ቋንቋ በኖርዌጂያንኛ ይራገሙታል። እንግሊዝኛው አልበቃቸው ብሎ ነው።

ከሰዓት በኋላ በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ላይ ተገኝተው ሊናገሩ ቃል ገብተዋል። ቃሉን የሰጡት ለልጅነት ወዳጃቸው ለእንደራሴው ለሮልፍ ኤገን ነው። ሮልፍ ከጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የሚገጠመውን የድምፅ መቀነሻ ጨርሶ የሚያግድ ረቂቅ አቅርበዋል። የአገሩ ሰው ሁሉ ዕቃውን የሚያውቀው "ዝም አሰኚ" በሚለው ስሙ ነው። ሮልፍ "አንተ የዕድሜ ልክ አዳኝ ነህ፤ አንተ አያስፈልግም ካልክ ማን ትንፍሽ ይላል?" ብለዋቸው ነበር። ሽማግሌውም ዝም አሰኚን የሚያውቁት በፊልም ነው። ነፍሰ ገዳዩ ጓንት ያጠልቃል፣ ዕቃውን ያሽከረክርና ይገጥማል፣ "ፍስ" ይላል፣ ሰው ይወድቃል። ይህን የመሰለ ነገር ጨዋ አዳኝ እጅ ምን ይሠራል?

ለሮልፍ ያልነገሯቸው ነገር ግን ነበር። ግራ ጆሯቸው ካከተመለት ቆይቷል። ቀኙም እንደ ወትሮው ሲተኮስበት ከከረመ ያው እንደሚሆን የጆሮ ሐኪማቸው ቁርጡን ነግረዋቸዋል። ደፍነውት እንዳያድኑ፣ ጫካ ውስጥ ጆሮውን የደፈነ አዳኝ አጋዘኗ አጠገቡ ብታስነጥስም አይሰማም። እንግዲህ ዘንድሮ ወይ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ወይ የባለቤታቸውን የአርዲስን ድምፅ መሰናበት ነው። አሁንም ቢሆን አርዲስ "እራት ቀርቧል" ስትል የሚሰማት ከእሳቸው ይልቅ ጎረቤቱ ነው።

አንዲት መኪና አልፋቸው ሄዳ ወደ ኋላ ተመለሰች። የወረደችው ከዋሳው ከተማ የመጣች ወጣት ጠበቃ ናት፤ ስሟ ፓኩ ሎር ይባላል። ወላጆቿ ከላኦስ ተሰደው የመጡ፣ ሞንግ የሚባለው የተራራ ሕዝብ ወገኖች ናቸው።

"አያቴ፣ ምን ሆኑ? ልርዳዎት?"

"ከየት አምጥተሽ ነው አያትሽ ያደረግሽኝ?" ብለው ጮኹባት።

"በእኛ ቤት ሽማግሌ ሁሉ አያት ነው። ካልወደዱት አጎቴ ልበልዎት።"

"ጎተራዬ?" አሉ ቀኝ ጆሯቸውን አስጠግተው።

"አያቴ ይሻላል" አለች ፓኩ ሳቋን ውጣ።

"አዎ፣ ከጎተራማ ይሻላል" አሉና ኮፈኑን ከድነው መኪናዋ ውስጥ ገቡ።

እሷም ማዲሰን ነው የምትሄደው። ጥቂት እንደ ተጓዙ ሽማግሌው ጉዳያቸውን ሲነግሯት፣ ፓኩ መሪውን በእጇ መታ መታ አድርጋ ሳቀች።

"ታዲያ ባላጋራዬን ነዋ የጫንኩት! እኔም ለዚያው መስሚያ ነው የምሄደው። የምናገረው ግን ረቂቁን ተቃውሜ ነው።"

"አውርጂኛ!"

"ላውርድዎት?"

ሽማግሌው በመስኮቱ ውጪውን አዩ። ሜዳው አመዳይ ለብሷል። "ግዴለም፣ ብርድ ነው። ባላጋራሽ ሆኜ እሞቃለሁ" አሉ። የዊስኮንሲን ሰው ክርክር ቢጠላም ማሞቂያ ይወዳል።

ክርክሩን የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

"ስሚ ልጄ። እኔ የጠመንጃ ጠላት እንዳልመስልሽ። ሕገ መንግሥቱ መሣሪያ የመታጠቅ መብት ይሰጣል፤ በዚያ ቀልድ የለም። ነገር ግን መሣሪያ ነው ያለው! ተቀጥላ አላለም። ዝም አሰኚውን ይዘሽ ድብ ላይ ብትወረውሪው ድቡ ይስቅብሻል። ጠመንጃዬ ያለሱ ይተኩሳል። እንግዲህ መሣሪያ ካልሆነ መብት ምን አግብቶት?"

"መልካም ብለዋል። እንደ እርስዎ የሚሉ ዳኞችም አሉ" አለች ፓኩ በትሕትና። "ገና ተጨቃጭቀው አልጨረሱም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ጠመንጃዎ ላይ ማነጣጠሪያ መነፅር አለ?"

"እንዴታ! ዓይኔ ሞራ ከጀመረው ወዲህ ያለሱ አጋዘኑን ከጎረቤቴ ላም አልለየውም።"

"ነገ ምክር ቤቱ ንቀሉት ቢልስ?"

"እጄን ይቁረጡኝ እንጂ አልነቅልም!"

"ያለሱ ይተኩሳል እኮ። መነፅሩን ድብ ላይ ቢወረውሩትም ድቡ ይስቃል።"

ሽማግሌው ቀኝ ጆሯቸው ላይ ያለውን የማዳመጫ መሣሪያ ነካካ አደረጉ።

"ሰደፉም እንደዚሁ ነው" አለች ፓኩ። "ሰደፍ የሌለው ጠመንጃም ጥይት ይተፋል፤ ማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ግን እግዜር ይወቅ። ማንገቻውም፣ የጥይት ካዝናውም አንድ ባንድ ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ቢደረድሯቸው አንዱም ብቻውን መሣሪያ አይደለም። መብቱ ለብረቱ ቢሆን ኖሮ የእርስዎ ክርክር ይበቃ ነበር። መብቱ ግን ሰው በብረቱ ለሚሠራው ሕጋዊ ሥራ ነው። ለዚያ ሥራ የሚያግዘውን ነገር ከውጪ አቁሞ ብረቱን ብቻ ማስገባት ምን ይባላል?"

"ድንበሩ የቱ ጋ ነው ታዲያ?" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "የአክስቴ ልጅ ጠመንጃው ላይ የቢራ ማስቀመጫ በሽቦ አሥሯል። እሱም ሕገ መንግሥት ይጠቀስለት?"

ፓኩ ከልቧ ሳቀች። "አይጠቀስለትም። ጠመንጃዎን ሮዝ ቀለም ቢቀቡትም አይጠቀስልዎትም። እኔ የተለጠፈ ሁሉ ይከበር አላልኩም። ዕቃው መሣሪያውን ለደኅንነት፣ ለትክክለኛ ዒላማ፣ ለጤና የሚረዳ ነው ወይ ብለን እንጠይቅ ነው ያልኩት። ለመሆኑ የራሳችንን የክፍለ ግዛታችንን ሕገ መንግሥት ያስታውሱታል? ሕዝቡ ለደኅንነት፣ ለመከላከል፣ ለአደን፣ ለመዝናኛና ለማንኛውም ሌላ ሕጋዊ ዓላማ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት አለው ይላል።"

"እኔው ነኝ ድምፅ የሰጠሁት!" ብለው ደረታቸውን መቱ። "አርዲስን ይዤ ሄጄ ነው። 'ለአደን' የምትለዋን ቃል ባላያት ኖሮ ከቤቴም አልወጣም ነበር።"

"አደን በምን ይታደናል አያቴ?"

"በጠመንጃ ነዋ!"

"በጆሮስ?"

ይህን ጥያቄ ሽማግሌው ሰምተውታል፤ እንዳልሰሙ ሆኑ እንጂ። መስማት የተሳነው ሰው አንድ ጥቅም ቢኖረው ይህ ነው። ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ግን ሌላ ነገር አነሡ፤ አሁን ቀልዱ ከድምፃቸው ጠፍቷል።

"እሺ፣ ወንበዴውስ? ከተማ ውስጥ ሰው ተኩስ ሲሰማ ነው የሚሸሸው። ድምፁ ማስጠንቀቂያ ነው። ያንን አጥፍተን ልጆች ሲወድቁ ምን ልንል ነው? ይኼ ያስፈራኛል፤ እውነቴን ነው።"

"እኔንም ያስፈራኛል" አለች ፓኩ። "ከባድ ጥያቄ ነው፤ አልቀልድበትም። ብቻ የት ቦታ እንደሚጠየቅ እንስማማ። ሁለት በር አለ። በመጀመሪያው በር፣ ይህ ነገር መብቱን ይነካል ወይስ አይነካም ይባላል። በሁለተኛው፣ ይነካል እንበል፤ መንግሥት እስከ ምን ድረስ ሊገድበው ይችላል ይባላል። ጠመንጃውስ ራሱ ሁለተኛው በር ላይ ይፈተሽ የለ? ወንጀለኛ አይገዛውም። ይኼን ዕቃ ለመግዛትም የጣት አሻራ ሰጥቶ መመዝገብ ግድ ነው። የእርስዎ ፍርሃት ቦታው ሁለተኛው በር ነው፤ እዚያ ማስረጃ ይቀርብበታል፣ ይመዘናል። ሚስተር ኤገን ግን የመጀመሪያውን በር ነው የቆለፉት። 'ተቀጥላ ነው' ካሉ በኋላ ምክንያት ማቅረብም አይጠበቅባቸውም። በአንዲት ቃል ከክርክር ዳኑ።"

እውነት ለመናገር ወጣቷ ያለችው ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። የተማረ ሰው ጥቅሙ ግን ተደበላልቆ የሚያስጮኸንን ነገር ለሁለት ከፍሎ ማሳየቱ ነው፤ ሰው ስለምን እንደሚጣላ ሲያውቅ ጩኸቱ ይቀንሳል። ኦርቪል ታንገንም ግንባራቸውን አሹ። ልባቸው ግን ገና አልተረታም።

"ቃል ቃል ነው" አሉ። "ስሙስ? ዝም አሰኚ! ለአደን ዝም የሚያሰኝ ምን አስፈለገ?"

ፓኩ መሪውን አዙራ ከዋናው ጎዳና ወጣች። አጎቷ ጂንሰንግ የተባለውን የመድኃኒት ሥር የሚያለማበት እርሻ በዚያ በኩል ነው። ከእርሻው ጀርባ ቤተሰቡ ዒላማ የሚለማመድበት ከፍ ያለ የአፈር ክምር አለ። ከመስሚያው በኋላ ወደ አባቷ ለአደን ስለምትሄድ የአጋዘን ጠመንጃዋ ከነዝም አሰኚው መኪናዋ ውስጥ ነበር። ዕቃውን አሽከርክራ ገጠመችና ለሽማግሌው አቀበለቻቸው።

"የመኪናዎ ማርሚታ ቢወልቅ ምን ይሆናል?"

"ሰፈሩ ይረበሻል፤ ፖሊስም ይቀጣኛል።"

"እንግዲህ ይኼ የጠመንጃ ማርሚታ ነው። ይተኩሱበት።"

ሽማግሌው የፊልሙን "ፍስ" እየጠበቁ ቃታውን ሳቡት። ተኩሱ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ፤ ከወዲያኛው ጎተራ ጣሪያ ላይ ቁራዎች እየተንጫጩ ተነሡ። ሽማግሌው ዞረው በቁጣ አዩዋት።

"ይኼ ነው ዝም አሰኚ? አውራጃውን በሙሉ ቀሰቀሰው እኮ!"

"ስሙ ነው ያታለለዎት። ከጩኸቱ ጆሮ የሚቀደውን ይቀንሳል እንጂ ማንንም ዝም አያሰኝም። ብዙ ለሚተኩስ ሰው ጆሮ መሸፈኛም አይቀርለትም።" ከዚያ ከኋላቸው ሆና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ "አያቴ፣ ጆሮዎ ጭው ይላል?" አለቻቸው።

"አይልም" ብለው መለሱ።

መልሰው ከጨረሱ በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው። ከተኩስ በኋላ ሰው ሲያናግራቸው ሰምተው የመለሱበትን ቀን ሊያስታውሱ ሞከሩና አቃታቸው። ሁልጊዜ ተኩሰው ሲያበቁ ጆሯቸው እስኪመሽ ድረስ ይጮህባቸው ነበር። ጠመንጃውን ቀስ ብለው ለልጅቷ መለሱላት።

"ለአደን ብዬ ነበር ድምፅ የሰጠሁት" አሉ። "ለአደን ማለት ደንቁሬ ልመለስ ማለት አልነበረም።"

ከዚያ እስከ ማዲሰን ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። መኖሪያ ሰፈር አጠገብ ስላለ የዒላማ መለማመጃ ሜዳ ጠየቁ፤ ፓኩም ረብሻው እንደሚቀንስ ነገረቻቸው። ስለ ጀማሪ ልጆች ጠየቁ፤ ግፊቱም ጩኸቱም ሲቀንስ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ መተኮስ እንደሚተው፣ አስተማሪው "ቁም!" ሲለው እንደሚሰማ አስረዳቻቸው። ስለ ሮልፍ ግን አልጠየቋትም። ለሮልፍ የሚሉትን እሳቸው ራሳቸው መፈለግ ነበረባቸው።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ሮልፍ ኤገን ወዳጃቸው ሲገቡ አይተው ፈገግ አሉ፤ ወንበርም አስያዙላቸው። ሽማግሌው ስማቸው ሲጠራ ወጥተው ከድምፅ ማጉያው ፊት ተቀመጡ።

"ሮልፍ ወዳጄ ነው፤ ከዛሬ በኋላም ወዳጄ ነው" ብለው ጀመሩ። "የመጣሁት ይህ ዕቃ ተቀጥላ ነውና አግዱት ልል ነበር። ዛሬ ጠዋት ተሳስቼ እንደ ነበር ገባኝ። የተሳሳትኩት በስሙ ነው። ዓይኔ ሲደክም መነፅር ገጠምኩበት፤ ያን ጊዜ ማንም ተቀጥላ ነው ብሎ አልከለከለኝም። ጆሮዬ ሲደክምስ ለምን እከለከላለሁ? በዚህ ክፍለ ግዛት ሕገ መንግሥት ውስጥ 'ለአደን' የሚል ቃል አለ። እኔ ያንን ቃል የመረጥኩት ከነጆሮዬ፣ ከነዓይኔ፣ ከነትከሻዬ እንዳድን ነው። ወንበዴ እንዳይዘው መዝግቡት፣ አጣሩት፣ ቅጣቱን አክብዱት፤ በዚያ እኔም አብሬያችሁ ነኝ። ብቻ መጀመሪያ ለጨዋው ሰው የሚሰጠውን ጥቅም አይታችሁ መዝኑ። ተቀጥላ ብላችሁ ሳትመዝኑ አትጣሉት።"

አዳራሹ ውስጥ አንዳንድ ሰው ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ኋላ ተለጥጦ ነበር። የመስሚያው ሰብሳቢ በጨዋ ደንብ እጃቸውን አነሡ።

"ሚስተር ታንገን፣ ንግግርዎን ስላቋረጥኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጮህ አያስፈልግዎትም፤ ድምፅ ማጉያው ይሠራል።"

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ከኋላቸው ወደ ተቀመጠችው ወደ ፓኩ ዞሩ። "እጮሃለሁ እንዴ?"

ፓኩ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"ጌታዬ" አሉ ኦርቪል ታንገን ወደ ሰብሳቢው ተመልሰው፣ "እኔ እኮ ቀስ ብዬ የምናገር መስሎኝ ነበር።"

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሮልፍ ኤገን የወዳጃቸውን ጆሮ አሁን ገና ያዩት ይመስል ትኩር ብለው አዩት፤ ከዚያም እጃቸውን አነሡና በረቂቁ ላይ የሚሰጠው ድምፅ ለሌላ ቀን እንዲቆይላቸው ጠየቁ።