«ቀስ በል» ለማለት የፈጀብን ዕድሜ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤታችን ባለቤት ወይዘሮ ናም፣ የሴቶቹም የወንዶቹም ክፍል ባልደረቦቼ፤ የዕረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ፣ እንቁላል ቀቅላችሁ፣ የሩዝ መጠጡን አቀዝቅዛችሁ በጡረታ ስሰናበት ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። የተጋበዛችሁ ደንበኞቻችን ደግሞ ይቅር በሉኝ። ስገባ አንዳንዶቻችሁን ሰላም ሳልል ያለፍኩት ኮርቼ አይደለም። ልብስ ለብሳችሁ ስላላወቅኋችሁ ነው።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሻካራ ጓንት አጥልቄ፣ የዚህችን የወደብ ከተማ የማሳንን ሰው እድፍ ስፈገፍግ ኖርኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ስለ ሰው ዕድሜ የማውቀውን ያስተማረኝ ጀርባ ነው። ፊት ይዋሻል። ፀጉርም ቀለም ይቀባል፤ ወይዘሮ ናምን ማለቴ አይደለም። ጀርባን ግን ማን ይቀባዋል? ባለቤቱ እንኳ አይቶት አያውቅም።

የሰባት ዓመት ልጅ አባቱ ጀርባውን ሲፈገፍገው፣ ወደቡ ላይ ያሉት መርከበኞች እስኪሰሙ ይጮኻል። አሥራ ሦስት ሲሞላው ይጠፋል። ምን ሆነ? ምንም አልሆነም፤ ፀጉር አበቀለና አፈረ። አባትየው ብቻውን ይመጣና፣ ሳልጠይቀው «ትምህርት በዝቶበት ነው» ይለኛል። ልጁ የሚመለሰው ለውትድርና ሊሄድ ሲል ነው። ያን ቀን ተራ በተራ ይፈጋፈጋሉ፤ ልጁም የአባቱ ትከሻ መጥበቡን ያያል። ዝም ይላል። እኔም ዞር ብዬ ጓንቴን አጥባለሁ።

በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ ትከሻው ጆሮው ሥር ደርሶ የሚመጣውን የአርባ አምስት ዓመት ሰው ደግሞ ምንም አትጠይቁት። ከሥራ ተሰናብቷል፤ ሚስቱ ገና አልሰማችም። ጊዜ ወስዳችሁ እሹት።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ እያልኩ እኩራራ ነበር። ታዲያ ያን ከበሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሰውዬ ምን አደረግሁት?

ጋሼ ታክን ታውቁታላችሁ፤ የዓሣ መረብ ሱቅ የነበረው። ከመጣሁበት ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በምፈገፍግበት አልጋዬ ላይ ይተኛና አንድ ነገር ብቻ ይለኛል፦ «ጠንከር አድርገው።» እሱ ክንዴን ይፈትናል፣ እኔ ቆዳውን እፈትናለሁ፤ ወዳጅነታችን ይኸው ነበር። ባለፈው ኅዳርም «ጠንከር አድርገው» አለኝ፤ አደረግሁት። እንደ ልማዳችን ተገልበጥ ስል ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁት፤ ተገለበጠ። ስንጨርስ አመስግኖ፣ መጠጡን ጠጥቶ ሄደ። አልጋውን ሊያጥብ የመጣው ባልደረባዬ ዶክሱ ፎጣው ላይ ደም አየ።

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ አርጅቷል» አለኝ።

«ማን? ታክ? ከእኔ በአምስት ዓመት ብቻ ነው የሚበልጠው» አልኩት።

ዶክሱ ጨዋ ነው፤ ፎጣውን ማጠብ ጀመረ። እኔ ግን የገዛ አፌ ያለውን ሰማሁት። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።

ጋሼ ታክ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄጄ ምራቱ «አባባ እዚሁ ነው የሚታጠቡት» እያለች መለሰችኝ። በሦስተኛው ራሱ ወጣ። ይቅርታ እየጠየቅሁ ብዙ ቀባጠርኩ፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ፒልዶ፣ ቀስ በል ብዬህ ቢሆን ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?»

ዋሽቼ ባመልጥ ደስ ባለኝ። «እስቅብህ ነበር» አልኩት።

«ለዚህ ነው ያላልኩህ» አለና በሩን ዘጋ። ወርውሮ ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር፤ በቀስታ ነው የዘጋው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ዶክሱን እሸኝ አልኩት። ያን አልጋ ሳጥበው ኖርኩ እንጂ ተኝቼበት አላውቅም። ትከሻዬ ጋ ሲደርስ እሳት ሆነብኝ። ጥርሴን ነክሼ መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ቃል እኮ ናት፤ ለምን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረች? አሥር ላይ ስደርስ «ዶክሱ፣ ቀስ በል» አልኩ። እጁ ወዲያው ላላ። አልሳቀም። እናንተ አሁን እየሳቃችሁ ነው፤ ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ።

ሳልውል ሳላድር ጋሼ ታክ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት።

«ስንት ድረስ ቻልክ?» አለኝ።

«አሥር ቆጥሬ።»

«እኔ ሠላሳ እቆጥር ነበር» አለ። አሁንም ይበልጠኛል።

ይኸው ዛሬ መጥቷል። ለእንቁላሉ ነው የመጣሁት ይላል። ብብቱ ሥር የወሸቀው ፎጣስ? እሱም ለእንቁላሉ ነው?

ወይዘሮ ናም ዛሬ ዝግ ቢሆንም አንዱን ገንዳ አሙቀውልናል። አሁን እኛ ወንዶቹ እንገባና ተራ በተራ ጀርባ እንፈጋፈጋለን። ቀድሞ «ቀስ በል» ያለው አሸናፊ ነው፤ ተሸናፊው እንቁላል ይልጥለታል።

ዶክሱ፣ አልጋዬን ላንተ ትቻለሁ። «ጠንከር አድርገው» ያለህን ሁሉ አትመን። ጓንቱን ከማጥለቅህ በፊት በባዶ እጅህ ዳብሰው፤ ቆዳው ራሱ ይነግርሃል።

ወይዘሮ ናም፣ ገንዳዎ አይቀዝቅዝ። እናንተም የልጆቻችሁ ትከሻ ሲሰፋ ለማየት ያብቃችሁ፤ የእናንተ ሲጠብ አይተው ዝም የሚሉ ልጆች ይስጣችሁ። የገዛ እጃችሁ በማይደርስበት ቦታ የሰው እጅ አይጥፋባችሁ። ቀስ በሉ ለማለትም እንደ እኔ ሰባ አንድ ዓመት አይፍጅባችሁ።

በል ጋሼ ታክ፣ ተነስ፤ ውሃው ሞቋል።