ካቫ የቀመስኩ ዕለት

መካኒሳ አቦ ጌሾ እሸጣለሁ። ባለፈው አንድ ግዙፍ የውጭ አገር ሰው ከአስተርጓሚው ጋር መጣና ጌሾዬን አሸተተ። «እኔም በደሴታችን ካቫ የሚባል ተክል እያመረትኩ እሸጣለሁ፤ ሥሩን ፈጭተን እንጠጣዋለን» አለኝ በአስተርጓሚው በኩል። ከቦርሳው ዱቄት አውጥቶ በውኃ በጥብጦ ሰጠኝ። ጭቃ ጭቃ ይላል፤ ለእንግዳው ክብር ብዬ ጨለጥኩት። ወዲያው ምላሴ ድንዝዝ አለ! መርዞኛል ብዬ ልጮኽ ስል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሰውየው እየሳቀ የራሱን ጠጣ። «አይዞዎት እናቴ፣ አሁን ይለቅዎታል» አለ አስተርጓሚው።

በዚህ መሀል ስትከራከረኝ የምትውለው ደንበኛዬ፣ ጠጅ ጣይዋ አስካለ መጣች። «ቀንሺልኝ እንጂ!» አለች። መልስ ከየት ላምጣ? ዝም ብዬ አየኋት። «ዛሬስ ጨክነሻል» ብላ ሁልጊዜ የምጠራላትን ዋጋ ሳታስቀንስ ከፈለች። እኔም ወደ ሰውየው ዞሬ፣ ትንሽ ዱቄት እንዲተውልኝ በእጄ ምልክት ለመንኩት።