ኤፍ ማለት ወደ ኋላ ነው

ሀይሚዬ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ። ሻንጣሽን እኔ እግር ስር አድርጊው፤ አይከብደኝም። ከአዋሳ ድረስ ቁጭ ብለሽ መጥተሽ፣ እዚህ መገናኛ ደግሞ ታክሲ እስኪሞላ ሌላ መቀመጥ… ደከመሽ አይደል? ግን አዋሳ ተስማምቶሻል፤ ፊትሽ ሞላ ብሏል። ዓሣው ነው? እናትሽ ስታይሽ ደስ ይላታል፤ ለፋሲካ ትመጣለች እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ስትናገር ነው የሰነበተችው።

እኛማ ደህና ነን። አባዬ ተሽሎት ሱቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ጉርድ ሾላ ያው ናት፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሁለት ፎቅ ተጀምሮ ሁለቱም ቆሟል። ሀይደርም ደህና ነው። የወንድሜን ነገር በስልክ አይወራም ብዬ ነው እንጂ፣ ብዙ ነው የማጫውትሽ…

ቆይ። ጋቢና የገባው ሰውዬ… አይ፣ ምንም። የማውቀው ሰው መስሎኝ ነው። ጃኬቱ ነው ያሳሳተኝ። አትዙሪ፣ ተጫወቺ።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ስለ ጓደኛ። በዚህ ጊዜ ጥሩ ጓደኛ የሚገኝ ይመስልሻል? ሀይደር ግን አግኝቶ ነበር። ስሙን አልነግርሽም፤ ውለታው እንዲወራለት የማይፈልግ ልጅ ነው። እንዲያውም ጨርሶ ባይወራለት ነው ደስ የሚለው። ያሳደጉት ወላጆቹ ምን ያህል ይኮሩ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

የጋሽ ገብረሃንስን ጌም ቤት ታውቂያለሽ፤ ዳቦ ቤቱ ጎን፣ መጋረጃ ያለባት። ሀይደር ሱቅ ጋብ ሲል እዚያ ነው። የድብድቡን ጌም ይወዳል። አጎታችን ካሊድ ይህን ያውቅና ከዱባይ ሲመጣ የጌሙን መጽሐፍ አመጣለት። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ መኖሩንም እኔ አላውቅም ነበር። ወፍራም፣ ባለ ቀለም፣ እያንዳንዱ ተደባዳቢ እንዴት እንደሚመታ፣ እንዴት እንደሚከላከል፣ የትኛው በየትኛው እንደሚሸነፍ የሚያስረዳ። ሀይደር ደስታውን አትጠይቂኝ፤ በዘይት እጁ እንዳይነካው ብሎ በላስቲክ ሸፈነው። ችግሩ እንግሊዝኛ ነው። አባዬን ሲያመው ከሰባተኛ ክፍል አቋርጦ ሱቅ የገባው እኮ እኔ እንድማር ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ለማትሪክ አጠናለሁ ብዬ አክስቴ ቤት ገብቻለሁ።

ታዲያ ይሄ ጓደኛው ደረሰለት። ሲኤምሲ ቪላ ቤት ያደገ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረ፣ እንግሊዝኛው በልኩ የተሰፋ ልብስ የሚመስል። ማንም ሳይለምነው «እኔ አነብልሃለሁ» አለ። ስንቱ የተማረ ሰው ነው ከሱቅ ልጅ ጋር የለስላሳ ሳጥን ላይ የሚቀመጠው? እሱ ተቀመጠ። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ፣ ገጽ በገጽ እያነበበ በአማርኛ ይነግረዋል፤ ሀይደር እየሰማ በቃሉ ይይዛል። እናቴ ሻይ ከሳምቡሳ ጋር ታቀርባለች። ሳምቡሳው ይጥመው ነበር፤ በጣም አድርጎ ነው የሚበላው። ለዚህ ሁሉ ንባብ ጉልበት ያስፈልጋል፣ አይደል?

ሹፌር፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሙዚቃውን ዝቅ ብታደርግልን? ምን? ጋቢና ያለው ሰው ነው ከፍ አድርግ ያለህ? ይቅርታ፣ ሙዚቃ ወዳጅ መሆኑን አላወቅሁም። ጓደኛዬ ከመንገድ መጥታ ራሷን አሟት ነው… ተባረክ።

እና በኅዳር ይመስለኛል፣ ጋሽ ገብረሃንስ ለገና ውድድር አዘጋጀ። አዳዲስ ማሽን ስላስገባ፣ ያሸነፈ አሮጌውን ፕሌይስቴሽን ከነጆይስቲኩ ይወስዳል ተባለ። ሀይደር ይህን ሲሰማ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? የሱቁን ጓዳ አጸዳው። የስኳሩን ጆንያ፣ የዘይቱን ጀሪካን ወደ አንድ ጥግ ሰብስቦ፣ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀባው። የራሱን ጌም ቤት ሊከፍት። በሕይወቱ ለራሱ ብሎ ሲመኝ ያየሁት ያንን ብቻ ነው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳን መታገስ አቅቶት ሸሚዙን አበላሽቷል። ይህንን ሁሉ ደግሞ ማንን አማከረ? የሚያነብለትን።

እዚያ ጌም ውስጥ ሰንሰለት የታጠቀ አንድ ግዙፍ አለ። ተጋጣሚውን አንሥቶ የሚያፈርጥባት አንዲት መወርወሪያ አለችው፤ እሷን የቻለ አይሸነፍም ይላሉ። መጽሐፉ ደግሞ ምሥሉን ካሳየ በኋላ የሚጫነውን በፊደል ነው የሚጽፈው። ኤፍ ካለ ወደ ፊት፣ ቢ ካለ ወደ ኋላ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተዘርዝሯል። ጓደኛው የግዙፉ ገጽ ላይ ሲደርስ ትንሽ ሳል ያዘው አሉ። ከዚያ «ኤፍ ማለት ወደ ኋላ ነው» አለው። ሀይደር፣ ለሌሎቹ ወደ ፊት ብለኸኝ አልነበር ወይ ቢለው፣ እንግሊዝኛ እንደየቦታው ነው የሚፈታው፣ ይሄ ሰውዬ ግዙፍ ስለሆነ ለሱ «ፎል ባክ» ማለት ነው አለው። ምን ትያለሽ? እኔ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬ ይህን የሚያህል እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም። ጥሩ ትምህርት ቤት እኮ ይለያል።

መወርወሪያዋ እምቢ አለች። ሀይደር ይሞክራል፣ ግዙፉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይሞክራል፣ ወደ ኋላ። ያኔ ጓደኛው ተቆጣ መሰለሽ? በፍጹም። ትዕግስቱ! «መጽሐፉ ትክክል ነው፤ እጅህ ነው። የስኳር ጆንያ አደንድኖታል፤ ያንተ ጥፋት አይደለም» ብሎ አጽናናው። አውራ ጣቱን ይዞ አሽቶለታል እኮ። እንዲህ ያለ ርኅራኄ… ወንድሜም አመነ። ቤት እየመጣ እጁን ለብ ባለ የጨው ውኃ ይነክራል። እናቴ ቁርጥማት ይዞት ነው ብላ ቅባት ገዛችለት። ጣቱ ቆስሎ፣ በፋሻ ጠምጥሞ እየተለማመደ፣ አንድ ቀን በስልክ ምን አለኝ መሰለሽ? «እኔ ለጆንያ ነው የተፈጠርኩት መሰለኝ።»

ረዳት፣ ጋቢና ያለውን ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርግ በልልኝ፤ እኔ አልሞቀኝም፣ እሱ ነው አንገቱን በመሐረብ የሚጠርገው። ሰው ታሞ ዝም አይባልም።

ለገና ፍጻሜው ላይ ማንና ማን ደረሱ? ሀይደርና የሚያነብለት። ሰፈሩ ሁሉ መጋረጃውን ገልጦ ቆሟል። ለሁለቱም አንድ ምት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ሀይደር ግዙፉን ይዟል፤ ያቺን መወርወሪያ ሞከረ። ግዙፉ ወደ ኋላ። ደገመ። ወደ ኋላ። ሰዉ «ኧረ ሰውዬው ሸሸ» ብሎ ሳቀ፤ ያኛው ገብቶ ጨረሰው። ግን ምን ዓይነት አሸናፊ መሰለሽ? አልኮራም። ሀይደርን አቅፎ፣ ሁሉም እየሰማ፣ አይዞህ እጅህ ነው እንጂ ጭንቅላትህስ ደህና ነው አለው። ማሽኑንም ኮንትራት ታክሲ ላይ ጭኖ ሲኤምሲ ገባ። እቤቱ ሌላ ማሽን ነበረው ይባላል፤ ቢሆንስ ምን አለበት፣ ሰው ያሸነፈውን ትቶ ይሂድ?

ከዚያ በኋላ ሀይደር ጌም አልነካም። ሰማያዊዋ ጓዳ ተመልሶ ጆንያ ገባባት። እኔ ከአክስቴ ቤት ስመለስ መጽሐፉን የሳሙና ካርቶን ስር አገኘሁትና ለምን ጣልከው አልኩት። ለኔ አይሆንም አለኝ። እንዲሁ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ የግዙፉን ገጽ አየሁ። ይሄ ወደ ፊት ነው አይደል ብዬ ጠየቅሁት። አይ፣ የሱ ይለያል፣ ወደ ኋላ ነው አለኝ። የመጀመሪያውን ገጽ አወጣሁለት። አላመነኝም፤ አንቺ የምታውቂው የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው አለኝ። በግድ እጁን ይዤ ጋሽ ገብረሃንስ ጋ ወሰድኩት። ጠዋት ነው፣ ሰው የለም። ወደ ፊት በል አልኩት።

በመጀመሪያው ሙከራ ወጣች ሀይሚዬ።

ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ አያቸው፤ መልሶ ገለበጣቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ «እጄ ደህና ነው ማለት ነው» አለ። ይቺን ብቻ። እኔ ነኝ ወጥቼ መንገድ ላይ ያለቀስኩት።

ሄደህ ተናገረው አልኩት፤ እምቢ አለ። ይልቅ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሪና አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት፤ በእርግጥ እንደዚያኛው አላሳምረውም፤ የተጻፈውን ብቻ ነው የማነበው። እሱም እያንዳንዷን ፊደል ይህቺስ ምን ማለት ናት እያለ ይጠይቀኛል፤ አሁን እንግሊዝኛ ይማራል፣ ማታ ማታ። መማሩን ያመጣው ማን ነው? ያው ጓደኛው። ውለታው ተቆጥሮ አያልቅም።

ከዚያ ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛው ብቅ አለ። ሲኤምሲ ብቻውን መጫወት ሰልችቶት ነው መሰለኝ፤ ሁለት ማሽን ኖሮ አንድም ሰው ከሌለ ምን ይሠራል? የክፍል ጓደኞቹን ይዞ፣ ሻምፒዮንነቱን ሊያሳያቸው መጣ። ሀይደርን ሲያይ፣ ና ወንድሜ፣ እጅህ ተሻለው ወይ ብሎ ጆይስቲክ ሰጠው። ተቀመጡ። ሀይደር ግዙፉን መረጠ። ያኛው ሳቀ። ወዲያው ወረወረው። ሲነሣ ደግሞ ወረወረው። ስክሪኑ ላይ የጓደኛው ተደባዳቢ መሬት ነክቶ አያውቅም ብል ይሻላል። ጓደኛው ፊቱ ተለዋውጦ፣ ይሄን ከየት አገኘኸው አለው። ሀይደር ዞር ብሎ እንኳን አላየውም።

«አንተ ካነበብክልኝ ገጽ» አለው።

ጋሽ ገብረሃንስ ነገሩ ምንድነው ብሎ ቢጠይቅ ሀይደር ጆይስቲኩን ለተረኛ አቀበለ። ያኛው ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ብሎ ወጣ፤ ጓደኞቹን እንኳን ሳይጠራ። ጋሽ ገብረሃንስም ሞኝ አይደለም፤ መጽሐፉን አስመጥቶ ራሱ አየው። በማግስቱ አዲስ ማሽን በሽርክና ሰማያዊዋ ጓዳ ውስጥ አስገባ። አሁን ስንደርስ ታያለሽ፣ ሰልፍ ነው። ሀይደር ለጀማሪ ሁሉ መጽሐፉን ገልጦ ያሳያል፤ የሚያውቀውን አይደብቅም። ጓደኛውን ግን አንድም ክፉ ቃል ሲናገረው አልሰማሁም። እኔም ብሆን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው፣ ያውም በቀስታ።

ምነው፣ ታክሲው ለምን ቆመ? ጉርድ ሾላ እኮ አልደረስንም። ወራጅ አለ እንዴ? ጋቢናው… ሲኤምሲ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ ይሄ ሁሉ መንገድ በእግሩ ሊሄድ? ሀይሚ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ እስኪ፣ ሳንመርቀው አይሂድ።

ወንድሜ፣ ደህና ዋል። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ትዳር ይስጥህ፣ ልጆች ይስጥህ፣ የልጅ ልጅ ያሳይህ። ያኔ ደግሞ አርጅተህ፣ ዓይንህ ፈዝዞ የመድኃኒትህን ወረቀት ማንበብ ሲያቅትህ፣ ልክ እንዳንተ አድርጎ የሚያነብልህ ጓደኛ አጠገብህ ያስቀምጥልህ።

አሜን በል እንጂ።